ሰው የማይተኛበት አልጋ

ጥቅምት 9

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ከደጅሽ ይድረስ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን ሥራ በማጣት እንጂ በሥራ ብዛት አይደለም የታመመው። እናትሽ ደህና ናት። ትንሿ እህትሽ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ እቤት ተቀምጣለች፤ የሚቀጥራት ጠፍቶ በሰፈሩ ሕፃናት ላይ አስተማሪ ሆናለች።

የምጽፍልሽ እናትሽ ጻፍልኝ ብላኝ ነው። ማንበብም መጻፍም እንደማትችል ታውቂያለሽ፤ አባትሽ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ጸሐፊ እኔ ነኝ። እሱ የአጎቴ ልጅ ነበር፣ ግን ወንድሜ ነው ብል ማን ይከለክለኛል?

የላክሽው ፎቶ ደረሰ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ዘንድሮ ጉዱ አንቺ ሆነሽ አረፍሽው! ያ ነጭ ሶፋ፣ ከኋላሽ በተከፈተው በር የሚታየው አልጋ፣ ያ ሁሉ ትራስ! እናትሽ ፎቶውን በላስቲክ ሸፍና በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት ልጇን ስትድር እናትሽን እንደ ወትሮው በር አጠገብ ሳይሆን ከሙሽራዋ አክስቶች መሀል አስቀመጧት። ያስገባት ፎቶው ነው። ማታ ቤቴ መጥታ ስትነግረኝ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር።

እኔ ግን ሥራ የለኝም። ዋናው መንገድ ላይ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ተከፈተና፣ «ሚስማር አይነኬ» እያለ ያሞካሸኝ የነበረው ሰው ሁሉ ረሳኝ። እንጨት ከእንጨት ጥርስ አውጥቶ፣ ያለ ሚስማር የሚገጥም አናጢ ድሮ ቀረ ይላሉ። በሦስት ወር ውስጥ የሠራሁት ሁለት በርጩማ ነው። እንግዲህ የዳቦ ቤቷ እመቤት ትናንት መጥታ «እንደ ልጅቷ ዓይነት አልጋና ሶፋ ከሠራህልኝ ለሙሽሮቹ እገዛለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ሜትር ያዢና ሁሉንም ለክተሽ ላኪልኝ። ከጀርባም አንሺው። የዕቃ ሐቁ ጀርባው ላይ ነው።

ዕድሜ ይስጥሽ፤ የወለደችሽ ትኩራብሽ።
አጎትሽ

ኅዳር 21

ለተከበሩ ጋሼ፣

በያሉበት ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገብቷል።

የጠየቁኝን ልኬያለሁ። የአልጋው ርዝመት አንድ ሜትር ከስድሳ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከአሥር ነው። የሶፋውን በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። ጀርባውን ማንሳት አልቻልኩም፤ ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል። የዘገየሁት ለመለካት የሚመች ቀን አጥቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እማን ፎቶውን ብዙ ሰው ዘንድ ይዛ እንዳትዞር ይንገሯት። ያልቅባታል።

አክባሪዎ

ታኅሣሥ 26

ልጄ፣

ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቀው። ይህችን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢያት፤ እናትሽ መጻፌን አታውቅም።

አርባ ዓመት እንጨት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንቺ የአባትሽን ቁመት ነው የወረስሽው፤ ስትሄጂ የበሩን ጉበን ልትነኪ ምንም አልቀረሽም ነበር። አንድ ሜትር ከስድሳ በሆነ አልጋ ላይ እግርሽን የት ነው የምታደርጊው? ቁጥሩን ተሳስታ ነው ብዬ የሶፋውን አየሁ፤ እሱም የልጅ ሶፋ ነው። ደግሞስ የራሱን አልጋ ለመለካት የሚመች ቀን የሚያጣ ሰው እኔ አላየሁም። ልጄ፣ ይህ የሚተኙበት አልጋ አይደለም፤ የሚያዩት ነው። ቤቱ የማን ነው? ሰው ቤት ተቀጥረሽም ከሆነ ነውር የለውም፤ ለኔ ንገሪኝ።

እስኪ ደግሞ ላስቅሽ። ለዳቦ ቤቷ እመቤት «ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ልጨምርበት» ብላት «እንደ ፎቶው!» ብላ ጮኸችብኝ። እንደ ፎቶው ሠራሁላት። ሙሽራው ረጅም ነው፤ እንደሚታጠፍ ሜትር ሦስት ቦታ ተጣጥፎ ያድራል አሉ። ሲጠየቅ ግን «ውጭ አገር እንዲህ ነው የሚተኙት፣ ለወገብ ጥሩ ነው» ይላል። ይህን የሰሙ አራት ሰዎች መጥተው አዘዙኝ።

አምስተኛዋ እናትሽ ናት። ለሠርጓ የሠራሁላትን፣ አንዲት ሚስማር ያልነካውን፣ አንቺም ትንሿም የተወለዳችሁበትን አልጋ ለማገዶ ነጋዴ ሰጥታ በቦታው አጭሩን አስገባች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ሲፈልጡት በዚያ ሳልፍ ሰማሁ፤ እንጨቱ ደህና ነበር።

አጎትሽ

የካቲት 10

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ላሳጥር፤ ሆዴ ሞልቷል።

ቤቱ የማንም አይደለም፤ ቤትም አይደለም። የቤት ዕቃ መሸጫ መደብር ነው፤ እኔ እዚያ አጽጂ ነኝ። ውስጡ በስስ ግድግዳ የተከፋፈሉ ሰባት መኝታ ቤቶች፣ አምስት ሳሎኖችና ሦስት ወጥ ቤቶች አሉ፤ ጣሪያ የላቸውም። ሰው እየዞረ «እንዲህ ብኖር» ብሎ እንዲመኝ የተሠሩ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ባዶ ፕላስቲክ ነው። መጻሕፍቱ ካርቶን ናቸው። ሳህን ላይ ያለውን የላስቲክ ፖም በየቀኑ አንድ በአንድ እወለውላለሁ። ቧንቧው ውሃ የለውም፤ ግን ሰዎች ይከፍቱታል።

የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ አለቃዬን ጠየቅኩት። አልጋዎቹን ሆን ብለው ነው የሚያሳጥሯቸው፣ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል። ሦስት ዓመት ሳነጥፋቸው አንድ ቀን ጋደም ብዬባቸው ስለማላውቅ ማጠራቸውን ልብ አላልኩም።

እኔ የምኖረው ከመሬት በታች ባለ አንድ ክፍል ከአምስት ሴቶች ጋር ነው። ያሉን ሦስት አልጋዎች ናቸው። እኔ ቀን ስሠራ፣ ማታ የምትሠራዋ አልጋዬ ላይ ትተኛለች፤ እሷ ስትወጣ እኔ እገባለሁ። አንሶላው ቀዝቅዞ አያውቅም።

ፎቶውን ያነሳችኝ አብራኝ የምታጸዳ ሴት ናት፤ በምሳ ሰዓት፣ ለቀልድ። ጋውኔን አወለቅኩ፣ ሶፋው ክንድ ላይ የተንጠለጠለውን የዋጋ ወረቀት በእጄ ሸፈንኩና ተቀመጥኩ። ቤቴ ነው ብዬ አልጻፍኩም። ከጀርባው የጻፍኩት «እማ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ግን አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ምን ብላ እንደምታስብ አውቅ ነበር። ውጭ ያለችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ መኪና ተደግፋ የተነሳችውን ፎቶ ከላከች ጀምሮ፣ በደወልኩ ቁጥር እማ «አንቺስ?» ትለኝ ነበር። ሌላ ነገር አትጨምርም። «አንቺስ?» ብላ ትጠብቃለች፤ ስልኩ ደቂቃውን ይቆጥራል።

ይንገሯት፣ ጋሼ። እማ የራሷ ስልክ የላትም፤ በባለ ሱቁ ስልክ ልነግራት አልችልም፤ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚሰማን። ቢያንስ ለብቻዋ፣ ከእርስዎ ትስማው።

ልጅዎ

መጋቢት 8

ልጄ፣

አንብቤ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርበትም፤ ደግነቱ እንጨት ቤት ውስጥ ዓይን የሚያስለቅስ ብናኝ አይጠፋም። ያን ሁሉ ብቻሽን መሸከምሽ አንገበገበኝ። አጽጂነት ምን ነውር አለው? እኔስ የምኖረው ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር አይደለም እንዴ?

ግን ቶሎ አንንገራት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ ፎቶው ያረጃል፣ ወሬው ይሰለቻል፣ ቀስ ብሎ ይረሳል። አሁን ብንነግራት ነገ በየትኛው መንገድ ትሄዳለች? የልብስ ሰፊዋስ ምን ትላታለች?

ከዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። አሥራ አንድ አልጋ ታዞኛል። ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ። ጥርስ አውጥቼ መግጠም ትቻለሁ፤ ከተጨመቀ ፍቅፋቂ የተሠራ ጣውላ እገዛለሁ፣ በኮላ አጣብቃለሁ፣ ነጭ ቀለም እቀባለሁ፣ በሁለት ቀን ይወጣል። እድናለሁ ብዬ ያላሰብኩት ሰውዬ ቀና አልኩ። ሰዉ ደግሞ ጠረጴዛም አምጣ እያለኝ ነው። አፍሬ ነው የምጠይቅሽ፤ አንድ የምግብ ጠረጴዛ ያለበት ፎቶ ላኪልኝ። አንድ ብቻ።

አጎትሽ

ሚያዝያ 14

ለጋሼ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ጠረጴዛው ከጎኔ ይታያል። ነጩ ሶፋ የለም፤ ወቅቱ አልፏል ብለው ሰባብረው ወደ ጭነት መኪና ወረወሩት፤ አንድ ሰው እንኳ ሳይገለገልበት። የዘንድሮው አረንጓዴ ነው። ከኋላዬ ሁለት መኝታ ቤቶች ይታያሉ፤ በሮቹን ልዘጋቸው ነበር፣ ለካ አይዘጉም። እማ ስለ ነጩ ከጠየቀችዎ «ቀየረችው» ይበሏት። መዋሸት ካልቀረ አብረን እንዋሽ።

ልጅዎ

ሰኔ 2

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼው ነበር።

አረንጓዴው ሶፋ ሰፈሩን አመሰው። ነጭ ያሠሩት ሰዎች ገና ኮላው ሳይደርቅ አፈሩበት። የዳቦ ቤቷ እመቤት ነጩን ሶፋ አልጋ ልብስ አልብሳ ደብቃዋለች። «ልጄ በየስድስት ወሩ ዕቃ ትቀይራለች» ትላለች እናትሽ፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ «አዎ» እላለሁ።

ችግሩ ወዲህ ነው። እናትሽ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ክፍል ቆጠረች። የመጀመሪያው ላይ አንድ መኝታ ቤት፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት። «ሦስት ክፍል ይዛ ብቻዋን ትኖራለች፤ ትንሿ እዚህ ሥራ አጥታ ግድግዳ ታያለች» አለች። ቤቱን ልትሸጠው ነው። በገንዘቡ ሰው ወደ ውጭ የሚያሻግር ደላላ ትንሿን አንቺ ጋ ያደርሳታል። ትንሿ እርሳስ ይዛ መኝታ ቤቷን መርጣለች፤ ምልክት ያደረገችው መስኮት ያለበትን ነው። ገዢ ተገኝቷል፤ ሐምሌ 22 ይፈራረማሉ።

ቤቱን አባትሽና እኔ ነን በእጃችን ያቆምነው። ምን ላድርግ?

አጎትሽ

ሰኔ 24

ጋሼ፣

ያስቁሟት። በእግዜር ይሁንብዎ፣ ያስቁሟት።

ደወልኩ። ባለ ሱቁ ጠራልኝ፣ እማ መጣች፣ ከኋላዋ የሰው ሳቅ ይሰማኛል። «እማ፣ ቤቱን አትሽጪ» አልኳት። «ትንሿን ማስጠጋት ከበደሽ?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሳቁ ጸጥ አለ። እየሰሙ ነበር። «አይ እማ፣ ደስ ይለኛል» አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ፣ እንዲህ ነው ያልኳት።

መስኮቱ የተለጠፈ ሥዕል ነው ብለው ለትንሿ ይንገሯት። የካቲት የጻፍኩልዎትን ደብዳቤ ያንብቡላቸው። እማ ትጥላኝ፣ ትርገመኝ። ቤቱ ግን ከተሸጠ መመለሻ የለንም።

ነሐሴ 20

ልጄ፣

ልጄ ብዬ ልጥራሽ አይገባኝም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐምሌ 16 ነው። ስድስት ቀን ነበረኝ። በዚያኑ ቀን የየካቲቱንም ደብዳቤ ደርቤ በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ትንሿን ሊሰናበቱ የመጡ ናቸው። እናትሽ ከጓዳ ስትወጣ የዳቦ ቤቷ እመቤት ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላት። እናትሽን አርባ ዓመት አውቃታለሁ፤ ሰው ተነስቶ ወንበር ሲለቅላት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቷን አየሁና አቃተኝ። ነገ፣ ብቻዋን ሳገኛት እላለሁ ብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ብቻዋን ነበረች፤ ግን አልሄድኩም። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ ከእናትሽ ፊት በስተጀርባ ልደበቅ አልችልም። ያን ሳምንት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሃያ አረንጓዴ ሶፋ አዞኝ፣ ቀብድ ተቀብዬ ጣውላ ገዝቼበት ነበር። ዕቃው የመደብር ማሳያ ነው፣ ልጅቷ አጽጂ ናት የሚል ወሬ ቢወጣ ማን ይወስድልኛል? ነገ፣ ነገ እያልኩ ኮላ ስቀባ ሰነበትኩ። ሐምሌ 22 ጠዋት ሮጬ ሄድኩ። እናትሽና ገዢው ፈርመው ነበር። በምስክርነት የሚፈርም ጎድሎ ኖሮ «እንኳን መጣህ» አሉኝ።

ፈረምኩ።

ትንሿ ነሐሴ 2 ሄደች። እናትሽ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። በልጆችሽ ፊት የምትቆሚበትን ቀን ያሳይሽ ብዬ ልመርቅሽ ነበር፤ የኔ ምርቃት ምን ያደርግልሻል?

ኅዳር 12

ጋሼ፣

ትንሿ ደርሳለች። ሦስት ወር ፈጅቶባታል፤ መንገዱን አትጠይቁኝ ትላለች፣ እኔም አልጠየቅኳትም። የእግሯ ጥፍሮች የሉም።

ከአውቶቡስ ጣቢያ እስከ ክፍላችን ስንሄድ በየሕንፃው ፊት ቀስ ትል ነበር፣ ይህ ይሆን እያለች። ደረጃውን ወደ ታች ስንወርድ እጄን ለቀቀችኝ። ክፍሉን ስታይ ቦርሳዋን የት እንደምታደርግ ብቻ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀን፦

«የት ነው ሶፋው?» አለችኝ።

«መደብሩ ውስጥ።»

«ውሰጂኝ።»

ወሰድኳት። እንደ ገዢ እየዞረች ሁሉንም አየች፣ የላስቲኩን ፖም አንስታ መለሰችው፣ በእርሳስ የመረጠችውን መኝታ ቤት መስኮት በእጇ ጥፍር ጫረችው። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። አረንጓዴው ሶፋ ላይ ተቀመጠች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ «አንሺኝ» አለችኝ።

«ይብቃን፣ ትንሿ። እውነቱን እንንገራት።»

«ነግረናትስ የት ትግባ? ቤቷን ሸጣ ነው እኔን የላከችው። የቀራት ይሄ ፎቶ ነው።»

የዋጋው ወረቀት ላይ እጇን ጣል አደረገች፤ ማንም አላሳያትም። አነሳኋት። ከሰኞ ጀምሮ አብራኝ ታጸዳለች፤ አልጋው አሁን የሦስታችን ነው፤ ማታ እኔና እሷ፣ ቀን ሌላዋ።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ለእማ ይስጧት፤ ወይም ይቅደዱት። እኔ መምረጥ አቅቶኛል።

ጥር 7

ልጆቼ፣

ሰላም ለሁለታችሁም ይሁን። የትንሿን ጥፍር ፈጣሪ ያብቅልላት።

ፎቶውን ሰጠኋት። ልቀደው ምድጃው ድረስ ሄጄ ነበር፤ እሷ በር ላይ ቆማ «ደብዳቤ መጣ አሉ» አለችኝ።

የተከራየቻት ክፍል መስኮት የላትም። አልጋውና የሠራሁላት የምግብ ጠረጴዛ አብረው ስለማይገቡ ጠረጴዛውን ውጭ አድርጋው የክረምቱ ዝናብ አበስብሶታል፤ ጣውላው ተነፍቶ ፍቅፋቂው ወጥቷል። እየሠራሁ የሸጥኩት ሁሉ እንደዚያ እየሆነ ሰዎች ይመጡብኛል። እሷ ግን ቅር አላላትም። የጎረቤት ሴቶች «ሁለት ልጅ ውጭ እያለሽ እዚህ?» ሲሏት «ለጊዜው ነው» ትላለች።

ፎቶውን ብዙ አየችው። «ከስታለች» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ «ሁለቱም ክፍል ክፍላቸውን ይዘዋል። ሦስተኛው ባዶ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ትመጣለች። «ጠሩኝ?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላታለሁ። ተመልሳ ትሄዳለች። እነግራታለሁ ብዬ ቃል አልገባላችሁም፤ የኔ ቃል ምን እንደሚመዝን አይታችሁታል።

ትናንት ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ግን መጣች። የመንገድ ሣጥን እንድሠራላት አዘዘችኝ። ልኩን ጠየቅኳት።

«ትንሽ ይሁን» አለችኝ። «ምን እይዛለሁ? እዚያ ሁሉም ነገር አለ።»

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርስልሻል አልኳት።

አጎታችሁ